የ«ኢመርጂንግ» ምዕራፍ 6 ለፈተና ብቻ ነው እንዴ?

ዩኒቨርሲቲ ገብቶ አንደኛ ዓመትን ያየ ሰው «ኢመርጂንግ» ሲባል ወዲያው ይገባዋል። ሙሉ ስሙ «ኢንትሮዳክሽን ቱ ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂስ» ነው። ከይፋግ ተነስቶ ደብረ ታቦር የወጣ፣ ባሕር ዳር ወይም ጎንደር የገባ ተማሪ ናቹራልም ይሁን ሶሻል ይህን ኮርስ ያገኘዋል። ሞጁሉን ያወጣው የያኔው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ነው፤ ጊዜው የፍሬሽማን ፕሮግራም የተመለሰበት 2012 ዓ.ም ነበር።

ሞጁሉ ሰባት ምዕራፎች አሉት። ስለ ዳታ ሳይንስ፣ ስለ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ፣ ስለ ኢንተርኔት ኦፍ ቲንግስ፣ ስለ ኦግመንትድ ሪያሊቲ ያወራል። ምዕራፍ 6 ላይ ሲደርስ ግን ወሬው ከማሽኑ ወደ ሰው ይዞራል፦ የቴክኖሎጂ ሥነ ምግባር። ይሄን ቴክኖሎጂ የያዘ ሰው ምን ማድረግ አለበት? ምንስ ማድረግ የለበትም?

ተማሪዎች ስለዚህ ምዕራፍ ብዙ ይላሉ። ዛሬ የሚሉትን አንድ በአንድ እያነሳን፣ የቱ ልክ እንደሆነ፣ የቱ እንደማያስኬድ እናያለን።

መጀመሪያ፣ ምዕራፉ ምን ይላል?

ዋናው ሐሳብ ሰባት መርሆች ናቸው። በቀላል አማርኛ ስናስቀምጣቸው፦ ለማኅበረሰብና ለሰው ደኅንነት የሚጠቅም ሥራ፤ ጉዳት አታድርስ፤ ሐቀኛና ታማኝ ሁን፤ ፍትሐዊ ሁን፣ አታዳላ፤ ሌላው የለፋበትን ሥራ አክብር፤ የሰውን ግላዊነት አክብር፤ ሚስጥር ጠብቅ።

እነዚህ እኛ ሀገር የተጻፉ አይደሉም። ኤሲኤም የሚባለው የኮምፒውተር ባለሙያዎች ማኅበር በፈረንጆቹ 2018 ባሻሻለው የሥነ ምግባር ደንብ ላይ ያሉት ናቸው። ከነሱ ቀጥሎ ምዕራፉ ስለ ዲጂታል ግላዊነት፣ ስለ ተጠያቂነትና መተማመን፣ እንዲሁም ስለ አዳዲስ ቴክኖሎጂዎች አደጋ ያስረዳል።

ቅሬታ 1፦ «ዝርዝር ብቻ ነው፣ ሸምድደን እንረሳዋለን»

ይሄ ቅሬታ ልክ ነው። ምዕራፉ በአብዛኛው መርህ ከነአጭር ማብራሪያው ነው። ዝርዝር ደግሞ ለቾይዝ ጥያቄ ይመቻል። «ከሚከተሉት ውስጥ የሥነ ምግባር መርህ ያልሆነው የቱ ነው?» ተብሎ ይጠየቃል፣ ይመለሳል፣ ፋይናሉ ሲያልቅ ፒዲኤፉም ከስልክ ይጠፋል።

ችግሩ ሥነ ምግባር በዝርዝር የሚለመድ ነገር አለመሆኑ ነው። «ሚስጥር ጠብቅ» የሚለውን ማንም ይስማማበታል። ክርክሩ የሚመጣው ጉዳይ ሲቀርብ ነው። ለምሳሌ አንድ የሞባይል ጥገና ቤት እናስብ። ደንበኛው ስክሪን ለማስቀየር ስልኩን ከነፓስወርዱ ሰጥቶ ሄደ። ጥገናው ካለቀ በኋላ ጋለሪ መክፈት ይቻላል? ስክሪኑ እንደሚሠራ ለማየት ብሎ የገባ ልጅ ዓይኑ ያየውን ለጓደኛው ቢያወራስ? እዚህ ላይ አንድ ክፍል ተማሪ ለአንድ ሰዓት ሊከራከር ይችላል። ያን ክርክር ያደረገ ተማሪ መርሁን በቀላሉ አይረሳውም።

ቅሬታ 2፦ «እኔ ኮምፒውተር አልማርም፣ ምን ያደርግልኛል?»

ይሄኛው ላይ አንስማማም። ቃላቱ ለባለሙያ የተጻፉ መምሰላቸው እውነት ነው። ግን ዛሬ የሰው መረጃ በእጁ የሌለ ማን አለ? ጤና የተማረው የታካሚ ካርድ ይይዛል። አካውንቲንግ የተማረችው የደመወዝ ዝርዝር ትይዛለች። መምህሩ የክፍሉን ውጤት ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ከነስሙ ሲለጥፍ የሰው መረጃ እያሰራጨ ነው።

ከዚያም በላይ ተራው ተጠቃሚ አለ። ፎቶ ኮፒ ቤት ሄዶ የትምህርት ማስረጃውን ስካን ያስደረገ፣ ኢሜይሉን ከፍቶ ሲቪውን ያሳተመ ልጅ ሲወጣ ሁለት ነገር ትቶ ሊሄድ ይችላል፦ ያልተዘጋ ኢሜይልና ዴስክቶፕ ላይ የቀረ መታወቂያ። ቀጥሎ የሚቀመጠው ሰው ማን እንደሆነ አያውቅም። «የሰውን ግላዊነት አክብር» የሚለው መርህ ሲጀመር ለዚያ ለሚቀመጠው ሰው የተጻፈ ነው። ለባለቤቱ ደግሞ ምክራችን፣ ሳትነሱ ኢሜይላችሁን ዝጉ፣ ፋይላችሁንም አጥፉ።

ሞጁሉ «ዳታ ሚኒማይዜሽን» የሚለው ነገርም አለ። ትርጉሙ ከሚያስፈልግህ በላይ መረጃ አትሰብስብ ነው። የባትሪ መብራት አፕ የስልክ ቁጥሮቻችሁን ዝርዝር ልይ ካለ ይሄ መርህ ተጥሷል ማለት ነው። መብራት ለማብራት የእናታችሁ ቁጥር አያስፈልግም።

ቅሬታ 3፦ «የእኛ ሀገር ነገር የለበትም»

ትልቁ ቅሬታ ይሄ ነው፣ ልክም ነው። የሚያሳዝነው ምሳሌ ጠፍቶ አለመሆኑ ነው።

«ጉዳት አታድርስ» የሚለውን እንውሰድ። ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር ነበሩ። በ2014 ዓ.ም፣ ጦርነቱ በነበረበት ሰዓት፣ ፌስቡክ ላይ ስማቸውና ፎቷቸው ከሥራ ቦታቸው ጋር ተለጥፎ ተወነጀሉ። ጥቅምት 24 ቀን 2014 በቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ልጃቸው ልጥፎቹ እንዲነሱ ለፌስቡክ ሪፖርት አድርጌ ነበር ይላል። በታኅሣሥ 2015 የፌስቡክ ባለቤት የሆነውን ሜታን ኬንያ ውስጥ ከሰሰ። ሜታ የኬንያ ፍርድ ቤት ሊዳኘኝ አይችልም ብሎ ተከራከረ። የናይሮቢው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ግን በመጋቢት 2017 ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ሲል ወሰነ።

እዚህ አንድ ጉዳይ ውስጥ ግላዊነትም፣ ጉዳትም፣ የኩባንያ ተጠያቂነትም አለ። ከደብረ ታቦር የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ በማይሞላ ከተማ የሆነ ነገር ነው። አበው «ካፍ የወጣ አፋፍ» ይላሉ። ዛሬ ሼር ማለትም እንደዚያው ነው፤ የለቀቅነውን ልጥፍ እኛ ብናጠፋው እንኳ ስክሪንሾቱ ሌላ ስልክ ላይ አለ።

«አታዳላ» የሚለውንም እንይ። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ትምኒት ገብሩ ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር በፈረንጆቹ 2018 ፊት አይተው ጾታ የሚለዩ ሦስት የንግድ ሲስተሞችን ፈተሹ። ነጣ ያለ ቆዳ ያላቸው ወንዶች ላይ ከፍተኛው ስህተት 0.8 በመቶ ሲሆን፣ ጠቆር ያለ ቆዳ ያላቸው ሴቶች ላይ እስከ 34.7 በመቶ ደረሰ። ማሽኑ የሚያውቀው የተመገበውን ፎቶ ነው፤ የእኛን መልክ የሚመስል ፎቶ ካነሰው ይስታል። ይህን የሰማ ተማሪ «ፍትሐዊ ሁን» ማለት ምን እንደሆነ በደንብ ይገባዋል።

መጽሐፉ የቆመው 2012 ላይ ነው

ሌላም ነገር አለ፣ ጊዜው። ቻትጂፒቲ የወጣው ኅዳር 2015 ነው። ሞጁሉ ሲጻፍ አሳይመንት በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ማሠራት የሚባል ጥያቄ ገና አልመጣም ነበር። ዛሬ በየዶርሙ የሚነሳ ጥያቄ ነው። መልሱን ግን ከሰባቱ መርሆች ማውጣት ይቻላል። «ሐቀኛ ሁን» እና «ሌላው የለፋበትን ሥራ አክብር» የሚሉትን አንድ ላይ ስናነባቸው፣ ያልገባንን እንዲያብራራልን መጠየቅና እሱ የጻፈውን በራስ ስም ማስገባት አንድ እንዳልሆኑ እናያለን።

ሕጉም ተቀይሯል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ከሞጁሉ በፊትም ነበር፤ ያለፈቃድ ሰው ሲስተም ውስጥ መግባት በእስር ያስቀጣል። በ2012 ደግሞ የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185 ወጣ። ከሁሉም ለምዕራፍ 6 የሚቀርበው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት መረጃችንን የያዘ ተቋም ምን እንደያዘ የመጠየቅ፣ ስህተት ካለ የማሳረም፣ አዋጁ ባስቀመጠው ሁኔታ የማሰረዝ መብት አለን። አፈጻጸሙን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

ማለትም ሞጁሉ ውስጥ እንደ ጥሩ ምክር የተቀመጠው ነገር ዛሬ መብት ሆኗል። ምዕራፉን በ2012 ይዘቱ ብቻ ያጠና ተማሪ መርሁን ያውቃል፣ መብቱን ግን ላያውቅ ይችላል።

ታዲያ ምን ይሻላል?

ተማሪዎች መጽሐፉን ሲተቹ ልክ የሆኑበት ቦታ ብዙ ነው። መርሆቹን ግን ከመጽሐፉ ጋር አብረን እንዳንጥላቸው። ሞጁሉ እስኪታደስ መጠበቅም አያስፈልግም። መምህር ከሆናችሁ ለእያንዳንዱ መርህ ከአካባቢያችሁ አንድ ጉዳይ አምጡና ክፍሉን አከራክሩት። ተማሪ ከሆናችሁ ሰባቱን መርሆች ስታጠኑ ከየአንዳንዱ አጠገብ ስልካችሁ ላይ ያያችሁትን አንድ ነገር ጻፉ፦ የተለጠፈ ፎቶ፣ የተጋራ ስክሪንሾት፣ ፈቃድ የጠየቀ አፕ። ለፈተናም ቢሆን እንደዚያ የተጠና ነገር ቶሎ አይጠፋም።

ኮርሱን ያልወሰዳችሁም፣ ዩኒቨርሲቲ ያልገባችሁም ስልክ ይዛችኋል። የሰው ፎቶ ወይም ስም ያለበት ነገር ከማጋራታችሁ በፊት ባለቤቱ ፈቅዷል ወይ፣ ቢሰራጭ ማን ይጎዳል ብላችሁ ጠይቁ። ምዕራፍ 6 ሲጨመቅ ከዚህ ብዙም አይርቅም።