ልጅ በቤቱ ሆኖ የሲኒማ ድርሰት ስለ መማሩ

አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረሰ ልጅ ማታ ማታ በስልኩ ላይ ሲያጎነብስ አባቱ ቢያገኘውና «ምን እየሠራህ ነው?» ብሎ ቢጠይቀው፣ ልጁም «የሲኒማ ድርሰት እማራለሁ፤ ክፍያ የለበትም፤ መምህርም አያስፈልገውም» ብሎ ቢመልስ፣ አባት ምን ማድረግ ይገባዋል? በአዲስ አበባ ለሚኖር ሰው ነገሩ ቀላል ነው፤ በዚያ ቴአትር ቤቶች አሉ፣ ሲኒማ ቤቶች አሉ፣ በዩኒቨርሲቲውም ቴአትር ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኖ ከተቋቋመ ብዙ ዘመን ሆኖታል። በካፋ ምዕራብ በኩል በቢታ ገነት ለሚኖር ቤተ ሰብ ግን ለዚህ ጥበብ ከስልክ በቀር ሌላ ትምህርት ቤት አይገኝም። ስልኩን የነጠቀ አባት ትምህርት ቤቱን ዘጋ ማለት ነው፤ ዝም ብሎ የተወውም ልጁን ያለ መምህር ለቀቀው ማለት ነው። እኛ ሁለቱንም አንመክርም፤ ምክንያታችንንም ከዚህ በታች እንገልጻለን።

አስቀድሞ ግን ይህን እንበል። ሲኒማን መጠርጠር በአገራችን ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም። በአዲስ አበባ የመጀመሪያው የሲኒማ ማሳያ ቤት ከሕዝብ የተሰጠው ስም «የሰይጣን ቤት» ነበር፤ ሥዕል ሲራመድና ሲሮጥ ያየ ሰው ይህ የሰው ሥራ አይደለም ብሎ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ የዚያው ሕዝብ ልጆች ውለው አድረው የሲኒማ ደራሲዎች ሆኑ። በ1957 ዓ.ም. የወጣው «ሂሩት አባቷ ማን ነው?» የተባለው ሥራ የአገራችን የመጀመሪያው ባለ ሙሉ ርዝመት የሲኒማ ታሪክ ሲሆን፣ ድርሰቱን የጻፉት አቶ ኢላላ ኢብሳ ናቸው።

ከሲኒማ አስቀድሞ የነበረውን የቴአትር ታሪክ የተመለከትን እንደ ሆነም ነገሩ ይህንኑ ያስረዳል። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ ሄደው የተማሩት የመድፈኛ ትምህርት ነበር እንጂ የቴአትር ድርሰት አልነበረም። ነገር ግን የአውሮፓን ቴአትር በዓይናቸው ካዩ በኋላ በአማርኛ የመጀመሪያ የሆነውን «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን ጨዋታ ጻፉ። ጨዋታው ሹማምንትን ይነካል ተብሎ መታገዱ የታወቀ ነው። እኚሁ ሰው በኋላ የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አርቃቂ ሆነዋል፤ ስለዚህ ቴአትር መጻፍ ለመንግሥት ሰው የማይገባ ቀልድ ነው የሚል ቢኖር ይህን ያስብ። ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤም ከጎጃም ከደብረ ኤልያስ ወደ አዲስ አበባ ይዘውት የመጡት ቅኔን ነው። በዚያው በቅኔ ዕውቀታቸው ላይ ቆመው ነው «አፋጀሽኝ»ን የመሳሰሉ ቴአትሮችን የደረሱት።

እ.ኤ.አ. በ1946 በጎንደር የተወለዱት ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ ደግሞ ወደ አሜሪካ ተሻግረው ከፍ ያለ ትምህርት የተማሩ ሰው ናቸው። ይሁን እንጂ አባታቸው ቴአትር እየጻፉ በየአገሩ ያሳዩ ስለ ነበረ፣ ልጅየው ወደ ባሕር ማዶ ሳይሻገሩ ጥበቡን በቤታቸው አይተውታል። «ጤዛ» የተባለው ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የሲኒማ በዓል የዳኞችን ልዩ ሽልማት ሲያገኝ፣ ከዚያ ጋር የተሰጠው ሁለተኛው ሽልማት ስለ ድርሰቱ ብልጫ የተሰጠ ነው። ለአንባቢዎቻችን ይህን ነጥለን የምናነሣው፣ ብዙ ሰው የሲኒማ ሥራ የተዋናይና የካሜራ ሥራ ብቻ ስለሚመስለው ነው። ጸሐፊው ከሁሉ በፊት አለ።

እንግዲህ የሲኒማ ድርሰት፣ በዛሬ አጠራር ስክሪፕት የሚባለው፣ ምን ዓይነት ጽሑፍ ነው? ይህን ለመግለጥ ከፍርድ ቤት መዝገብ የተሻለ ምሳሌ አላገኘንም። እኛ ከችሎት ሥር ተቀምጠን ቃል ስንጽፍ ምስክር በዓይኑ ያየውንና በጆሮው የሰማውን እንጽፋለን፤ «ሳስበው ሌባ ይመስለኛል» ያለ እንደ ሆነ ዳኛው «ያየኸውን ተናገር» ይሉታል። የሲኒማ ጸሐፊም ሕጉ ይኸው ነው። ካሜራ የሰውን ልብ ገልጦ ማየት አይችልም። ጸሐፊው የሚታይና የሚሰማ ነገር ብቻ ሰጥቶ የልቡን ነገር ተመልካቹ ራሱ እንዲያገኘው ማድረግ አለበት።

ነገሩ ግልጥ እንዲሆን ከአገሩ አንድ ምሳሌ እንፍጠር። ሁለት ወንድማማቾች በጫካ ዛፍ ላይ አባታቸው ሰቅሎ በተወው የንብ ቀፎ ነገር ተጣሉ እንበል። ጀማሪ ጸሐፊ እንዲህ ይጽፋል፦ «ታላቅየው በልቡ እጅግ አዘነ፤ ወንድሙ እንደ ከዳው ዐወቀ፤ አባቱንም አስታውሶ ተቆጨ።» ይህ ለልብ ወለድ መጽሐፍ ይሆን ይሆናል፤ ለካሜራ ግን አንድም የሚታይ ነገር የለበትም። ያው ነገር እንደሚከተለው ሆኖ ቢጻፍስ?

«ታላቅየው ከዛፉ ሥር ይቆማል። ቀና ብሎ ያያል። ቀፎው የለም፤ ገመዱ ብቻ ተንጠልጥሏል። ገመዱን ስቦ ጫፉን ይመለከታል፤ በስለት የተቆረጠ ነው። ከበስተኋላው ኮቴ ይሰማል። ገመዱን በጉያው ይሸሽጋል። ታናሽየው ይመጣል።

ታላቅየው፦ ቡና ጠጣህ?

ታናሽየው፦ ገና ነኝ።

ታላቅየው፦ እንግዲያው ና። እናታችን እየጠበቀችን ነው።»

በዚህ ውስጥ ስለ ቀፎም ስለ ሌብነትም ማንም ቃል አልተናገረም። ነገር ግን ገመዱ በጉያው ሳለ ከወንድሙ ጋር ለቡና ሲቀመጥ ለማየት የማይፈልግ ተመልካች ያለ አይመስለንም። አንድ ልጅ ይህን ልዩነት በሚገባ ከተረዳ የትምህርቱን ግማሽ ጨርሷል ለማለት እንደፍራለን።

አሁን ወደ ነጻው ትምህርት እንምጣ። የእንግሊዝ ቢቢሲ የተባለው ድርጅት የራሱን የራዲዮና የቴሌቪዥን ድርሰቶች ማንም ያለ ክፍያ እንዲያነባቸው በኢንተርኔት ላይ አኑሯል። በአሜሪካም የሽልማት ወራት በደረሰ ጊዜ ታላላቆቹ የሲኒማ ድርጅቶች የዓመቱን ድርሰቶቻቸውን እንዲሁ በነጻ ይገልጣሉ። ክሬግ ሜዚን የተባለ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ2019 የታየውን «ቼርኖቢል» የተባለውን ባለ አምስት ክፍል ሥራ ድርሰት ሙሉውን ለሕዝብ ሰጥቷል፤ የመጨረሻው ክፍል በችሎት ፊት የሚፈጸም ስለ ሆነ እኛ የፍርድ ቤት ሰዎች በልዩ ደስታ አንብበነዋል። ይኸው ሰው ጆን ኦገስት ከሚባል ጓደኛው ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ስለ ድርሰት የሚነጋገሩበት የድምፅ ዝግጅት አለ። ስለ ድርሰት አሠራር ከተጻፉት ሁሉ ቀዳሚ የሆነው የፈላስፋው የአሪስጣጣሊስ መጽሐፍ ደግሞ ከሁለት ሺህ ሦስት መቶ ዓመት በላይ የሆነው ስለ ሆነ ባለቤት ነኝ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅበት የለም። የስልክ መረብ በሚደክምበት አገር ላለ ልጅ መልካሙ ነገር የተጻፈ ድርሰት ሲወርድ ክብደቱ ትንሽ መሆኑ ነው፤ መቶ ገጽ ጽሑፍ ከአንድ አጭር ተንቀሳቃሽ ሥዕል ያንሳል። ስለዚህ መረቡ በተገኘበት ሰዓት አውርዶ ማኖር፣ ከዚያም መረብ ሳይፈልጉ ደጋግሞ ማንበብ ይቻላል። በነጻ ጀምሮ በመካከሉ ለምስክር ወረቀት ገንዘብ ክፈል የሚል ቢመጣ ግን ይተወው፤ ሲኒማ ሠሪ የሚጠይቀው ድርሰቱን እንጂ ወረቀቱን አይደለም።

ይህ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው። በአማርኛ የተጻፈ የሲኒማ ድርሰት ለሕዝብ ተገልጦ ማግኘት እጅግ ያስቸግራል፤ ትልቁም ጉድለት ይህ ነው። መድኃኒቱን ግን ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት እናገኘዋለን፤ እርሱም መገልበጥ ነው። በዩቲዩብ ላይ በነጻ የሚታዩ የአማርኛ ሲኒማዎች ብዙ ናቸው። ልጁ ከመካከላቸው አንድ መልካም ሥራ መርጦ፣ በየጥቂቱ እያቆመ፣ የሚታየውንና የሚባለውን ሁሉ በደብተር ይገልብጥ። ሦስት ወይም አራት ትዕይንት እንዲህ አድርጎ የጻፈ እንደ ሆነ ጸሐፊው የት እንደ ጀመረ፣ ምን እንደ ዘለለ፣ በየትኛው ቃል ላይ እንደ ቆረጠ እጁ ራሱ ያስተምረዋል።

ሌላም የፊደላችን ነገር አለ። «ፋውንቴን» የሚባል፣ ዋጋ የማይጠየቅበት፣ በማናቸውም ተራ የጽሕፈት መሣሪያ የሚሠራ የድርሰት አጻጻፍ ሥርዓት አለ። ይህ ሥርዓት የተናጋሪውን ስም የሚለየው በላቲን ትልልቅ ፊደሎች መጻፉን አይቶ ነው። የእኛ ፊደል ግን ትልቅና ትንሽ ተብሎ ስለማይከፈል መሣሪያው ስሙን ከንግግሩ መለየት ያቅተዋል። ስለዚህ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ከስሙ በፊት በኢሜል አድራሻ መካከል የምትገባውን ምልክት ያስቀምጥ፤ ከትዕይንቱም ርዕስ በፊት አንዲት ነጥብ ያድርግ፤ ያን ጊዜ ነገሩ ይቃናል። እንዲሁም ፈረንጆች አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ ያህል ነው፣ ሙሉው ሥራም ከ90 እስከ 120 ገጽ ይሆናል ይላሉ፤ ይህ ግን ለራሳቸው ፊደል የተለካ ልክ ነው። «አልመጣልህም» ብለን በአንድ ቃል የምንጨርሰውን እነርሱ በብዙ ቃል ይሉታልና፣ በአማርኛ አንድ ገጽ ብዙ ንግግር ይይዛል። የሚሻለው ሰዓት ይዞ ጮኾ ማንበብና ደቂቃውን በገጹ ጥግ መጻፍ ነው።

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ በነጻ ይገኛል። በነጻ የማይገኘው አራሚ ነው። የቅኔ ተማሪ ሌሊት የቆጠረውን ቅኔ ለብቻው ይዞ አይቀርም፤ በመምህሩ ፊት ይነግራል፤ መምህሩም ያቃናለታል፣ ወይም ያፈርስበታል። በመጀመሪያም ቀን መወድስ እንዲቀኝ አይጠየቅም፤ ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ይጀምራል። በስልክ የሚማር ልጅ ግን መቶ መጽሐፍ ቢያነብ «ይህ አይሆንም» የሚለው ድምፅ አይሰማም፤ ስለዚህም በመጀመሪያው ወር ስለ ካፋ የመጨረሻ ንጉሥ ስለ ጋኪ ሸሮቾ፣ በ1890 ዓ.ም. ስለ መማረካቸው፣ ከነሠራዊታቸው የሦስት ሰዓት ሲኒማ ለመጻፍ ይነሣል። ያ ታሪክ መጻፍ የሚገባው መሆኑን እኛም እናምናለን፤ የአገሩ ልጅ ቢጽፈው ደግሞ እጅግ ደስ ይለናል። ነገር ግን ፈረስና ጦር የሚጠይቅ መወድስ ነውና ይቆየው። መጀመሪያ ሁለት ገጽ፣ ሁለት ሰው፣ አንድ ቤት ይጻፍ።

የአባትና የእናት ሥራ እዚህ ላይ ይገባል። በሳምንት አንድ ማታ ቡና በተፈላ ጊዜ ልጁ የጻፈውን ለቤተ ሰቡ ያንብብ፤ እኅቱ የሴቲቱን ቃል፣ አጎቱ የሽማግሌውን ቃል ይናገሩለት። አድማጮች ስለ ሲኒማ ምንም ማወቅ አያስፈልጋቸውም። «ጎበዝ» ማለትም አይጠቅመውም። ሦስት ነገር ብቻ ይንገሩት፤ የት ላይ እንደ ሰለቻቸው፣ የት ላይ እንዳልገባቸው፣ እንዲህ ብሎ የሚናገር ሰው በአገሩ አለ ወይስ የለም። በተለይ አያት በካፊኖኖ የሚናገሩ ከሆኑና ልጁ በመጽሐፍ አማርኛ ያናገራቸው እንደ ሆነ፣ እርሳቸው ራሳቸው ሐሰቱን ቶሎ ያገኙታል። ይህ ለልጁ የሚያም ነገር ነው፤ ለሁለት ሳምንት ደብተሩን ሊጥለው ይችላል። ተመልሶ ያነሣው እንደ ሆነ አባት ስልኩን ለምን እንደ ገዛለት ያን ጊዜ ያውቃል፤ ያላነሣውም እንደ ሆነ ሌላ ትምህርት ይፈልግለት።

ከዚህ ሥራ እንጀራ ይገኛል ወይ ለሚሉን፣ በቶሎ አይገኝም እንላለን። ልጁ ቀን ቀን የማር ወይም የቡና ንግዱን፣ የመንግሥት ሥራውን ወይም ትምህርቱን መተው የለበትም። በ2006 ዓ.ም. በአሜሪካ በሰንዳንስ በዓል የተመልካቾችን ሽልማት ያገኘው የዘረሰናይ ብርሃኔ «ድፍረት»፣ በ2007 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በካን በዓል የታየው የያሬድ ዘለቀ ሥራም ከብዙ ድካም በኋላ የተገኙ ናቸው። «ድፍረት» በተጠለፈች ልጅ የፍርድ ጉዳይ ላይ የተመሠረተ መሆኑን ግን ሳናነሣ አናልፍም፤ በየወረዳው መዝገብ ቤት ምን ያህል ያልተጻፈ ሲኒማ እንዳለ የሚያውቅ ያውቀዋል።

በመጨረሻ ስለ ሕጉ። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት አንድ ድርሰት የራሱ የደራሲው ፈጠራ ሆኖ በጽሑፍ ከሰፈረ፣ ባይመዘገብም እንኳ ጥበቃ ያገኛል፤ የጥቅሙም መብት ደራሲው በሕይወት ባለበት ዘመን ሁሉና ከሞተ በኋላ ሃምሳ ዓመት ይጸናል። ባዶ ሐሳብ ግን አይጠበቅም። «ስለ ሁለት ወንድማማቾችና ስለ ቀፎ አንድ ሐሳብ አለኝ» ብሎ በቡና ቤት የተናገረ ሰው ሌላው ቢጽፈው የሚከስበት ነገር የለውም። ስለዚህ ልጁ ድርሰቱን ለባዕድ ሰው ከማሳየቱ በፊት ጽፎ ይጨርስ፤ በየረቂቁ ላይ ቀን ያኑር፤ የቀድሞውን ረቂቅ ሳይቀድ ያስቀምጥ፤ ለማን፣ መቼ እንደ ሰጠውም በደብተሩ ይመዝግብ። ክርክር የተነሣ እንደ ሆነ ዳኛ አስቀድመው «አምጣ» የሚሉት ይህንኑ ነው።