የመሮጫ ማሽን ገዢ አስቀድሞ ሶኬቱን ይመልከት

በሯጮች አገር የመሮጫ ማሽን መሸጥ ለሰሚው ግር ይላል። ጎህ ሲቀድ የመስቀል አደባባይን ደረጃዎች የሚወጣና የሚወርድ፣ በጃን ሜዳ የሚዞር፣ የእንጦጦን ዳገት የሚያያይዝ የአዲስ አበባ ሰው ለልቡና ለሳንባው የሚከፍለው ገንዘብ የለም። ይሁን እንጂ ሱቁን ከፍቶ፣ ሒሳቡን ዘግቶ ቤቱ የሚገባው ነጋዴ ብዙውን ጊዜ መሽቶበታል። ደላላውም ቢሆን ቀኑን የሚያሳልፈው ከስልክና ከመኪና ወንበር ጋር ነው። ክረምት ሲገባ ደግሞ ንጋቱ ዝናብ፣ መንገዱ ጭቃ ይሆናል። የደም ግፊትና የስኳር በሽታ ግን በጋን አይጠብቁም። በመኖሪያ ቤት የሚቀመጡ የስፖርት ማሽኖች ገዢ የሚያገኙት በዚህ ምክንያት ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ማሽኑ ሳሎን ከገባ በኋላ ነው። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ወር ፎጣና ጋቢ የሚሰቀልበት ማሽን ጥቂት አይደለም። እንዲህ ያለው ዕቃ የተኛ ገንዘብ ነው፤ የተኛ ገንዘብ ምን ማለት እንደሆነ ደግሞ ለነጋዴ አይነገረውም።

ለምሳሌ ያህል አንድ ማሽን 90 ሺህ ብር ወጣበት ይባል። ባለቤቱ በሳምንት ሁለት ቀን ለስድስት ወር ሠርቶበት ቢተወው 52 ጊዜ ተጠቅሞበታል፤ እያንዳንዱ ቀን 1 ሺህ 730 ብር ግድም አስወጥቶታል ማለት ነው። ያው ማሽን በሳምንት አራት ቀን ለሦስት ዓመት ቢሠራበት 624 ጊዜ ይሆናል፤ የአንዱ ቀን ወጪም ወደ 144 ብር ይወርዳል። በመጨረሻ በግማሽ ዋጋ ቢሸጥ ደግሞ 72 ብር ብቻ ነው። በዚህ ስሌት ርካሹ ማሽን ትንሽ ቁጥር የተለጠፈበት ሳይሆን ባለቤቱ ሳይሰለች የሚሠራበት ነው።

ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ይህ ስሌት ይበልጥ ከብዷል። የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ማሽኑም መለዋወጫውም ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ፣ በድሮ ዋጋ የተገዛ ማሽን እንኳ ቦርዱ ሲቃጠል የሚተካለት በአዲሱ ምንዛሪ ነው። ስለዚህ ገዢው ከዋጋው ቀጥሎ ሊጠይቅ የሚገባው ማሽኑ ምን ያህል ቶሎ እንደሚበላሽና ማን እንደሚጠግነው ነው።

የትኛው ለማን ይሆናል?

በገበያው ጎልቶ የሚታየው ትሬድሚል ነው። መራመድ የማይችል ሰው ስለሌለ ገዢው ሁሉ ይህን ሲያይ «ይህስ ለእኔ ነው» ይላል። ለመራመድና ለመሮጥ በእርግጥም ተወዳዳሪ የለውም። ነገር ግን ከሁሉ የበለጠ ቦታ የሚይዝ፣ ብዙ ኤሌክትሪክ የሚበላና የሚጮኽ ዕቃ ነው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ደግሞ የሯጩ እግር በወረደ ቁጥር ከሥር ያለው ጎረቤት ጣሪያው ይመታል። የላስቲክ ምንጣፍ ድምፁን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም።

ቋሚው ብስክሌት በአንፃሩ የገበያው ዝምተኛ ዕቃ ነው። በማግኔት የሚሠራው ዓይነት በጎማውና በማግኔቱ መካከል የሚፋተግ ነገር ስለሌለው ቶሎ አያልቅም፤ ድምፁም አይሰማም። ብዙዎቹ ቀለል ያሉ ሞዴሎች የሚፈልጉት ለስክሪናቸው ሁለት የባትሪ ድንጋይ ብቻ ስለሆነ መብራት ጠፋ አልጠፋ ባለቤቱን አያሳስበውም። ክብደቱ ለበዛ፣ ጉልበቱን ለሚያመው ወይም ከሃምሳ ዓመት በላይ ለሆነው ሰው ከትሬድሚል ይልቅ ይህ ይመረጣል። ወገቡን የሚያመው ደግሞ መደገፊያ ያለውን ዓይነት ቢፈልግ ይሻለዋል። ጉድለቱ መቀመጫው ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ያላማረረ ተጠቃሚ አይገኝም።

እግርንና እጅን አንድ ላይ የሚያንቀሳቅሰው ኤሊፕቲካል በአሜሪካ የስፖርት ቤቶች የታወቀው እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ነው። ጥሩው ጥሩ ነው። ርካሹ ግን እርምጃው አጭር ስለሚሆን ረጅም ሰው ሲወጣበት ደረጃ ላይ እንደተደናቀፈ ሰው ይንገዳገዳል፤ ስለዚህ ሳይወጡበት አይገዛም። የመቅዘፊያ ማሽን እግርን፣ ጀርባንና ክንድን አንድ ላይ ያሠራል፤ ሆኖም ሲዘረጋ ከሁለት ሜትር በላይ ርዝመት ይፈልጋል፤ አቀማመጡን ላልተማረ ሰውም ወገብ ያሳምማል።

ሦስት ፈረስ ጉልበት፤ ግን የትኛው ሦስት?

ትሬድሚል ለመግዛት የቆረጠ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሸወደው በሞተሩ ላይ ነው። ካርቶኑ ላይ «3 ፈረስ ጉልበት» ተብሎ በትልቁ ይጻፋል። ይህ ቁጥር ሞተሩ ለአፍታ የሚደርስበት ጣሪያ ሊሆን ይችላል፤ ለግማሽ ሰዓት ሳይግል ሊሠራበት የሚችለው ጉልበት ግን ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ገዢ መጠየቅ ያለበት ይህን ሁለተኛውን፣ ያለማቋረጥ የሚሰጠውን ጉልበት ነው። ለሚራመድ ሰው ከ1.5 እስከ 2 ፈረስ ጉልበት ይበቃል። ለሚሮጥ ሰው 2.5 ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልጋል።

ሻጩ ቁርጥ ያለ መልስ ካልሰጠ ማጣሪያው ቀላል ነው። አንድ ፈረስ ጉልበት 746 ዋት ነው፤ ሦስት ፈረስ ጉልበት ከ2 ሺህ 200 ዋት ይበልጣል። በሞተሩ ላይ ወይም የኤሌክትሪክ ገመዱ በሚገባበት አጠገብ ከተለጠፈችው ትንሽ ወረቀት ላይ የተጻፈው ዋት 750 ከሆነ፣ ያ ማሽን ሦስት ፈረስ ጉልበት ሳያቋርጥ ሊሰጥ አይችልም። ከሶኬት ያልገባ ጉልበት ከሞተር አይወጣም። ዋት ካልተጻፈ የአምፔሩን ቁጥር በ220 ማባዛት ነው።

ከሞተሩ ቀጥሎ የሚታየው የሚዞረው ላስቲክ ስፋት ነው። ለእርምጃ 120 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ይበቃል፤ ለሩጫ ግን ከ140 ያላነሰ ርዝመትና 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ወርድ ያስፈልጋል። ማሽኑ ይችላል የተባለው የሰው ክብደትም በልክ መወሰድ የለበትም። 95 ኪሎ የሚመዝን ሰው እስከ 100 ኪሎ ይችላል በተባለ ማሽን ላይ ሲሮጥ ሞተሩ ዕድሜው ያጥራል፤ ከ15 እስከ 20 ኪሎ መተረፊያ ያለው ይሻላል።

መብራቱና ምጣዱ

የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ 220 ቮልትና 50 ሄርዝ ነው። ከአሜሪካ በዘመድ ተልኮ ወይም ከተመላሽ ዕቃ ጋር የሚመጣ ትሬድሚል ግን 120 ቮልት የሚፈልግ ሊሆን ይችላል። ስጦታ ቢሆንም ነፃ አይደለም። እስከ 1 ሺህ 800 ዋት ሊስብ ስለሚችል ለሬዲዮና ለፀጉር ማድረቂያ የሚሸጠው ትንሽ ትራንስፎርመር አይችለውም፤ ከ2 ሺህ 500 ዋት በላይ የሚችል፣ ከባድና ውድ ትራንስፎርመር ይጠይቃል። ያም ሆኖ ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ሄርዙን አይለውጥም። ላኪው ዘመድ ከመግዛቱ በፊት የቮልቱን ነገር ቢነገረው ብዙ ወጪ ይድናል።

ማሽኑ የራሱ መሥመር ቢኖረው ይመረጣል። የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ሊስብ ይችላል። ምጣድ በተጣደበት መሥመር ላይ ትሬድሚል ሲነሳ ወይ ቆጣሪው ይዘጋል፣ ወይም ኃይሉ ወርዶ ሞተሩ ይጨነቃል። በኤክስቴንሽን ገመድ መጠቀምም ገመዱን ያግላል፤ ማሽኑንም ያዳክማል። መብራት ከፍ ዝቅ በሚልበት ሰፈር ስታብላይዘር ያስፈልጋል፤ ለቴሌቪዥን የተገዛው ግን ለዚህ አይሆንም። ሞተር ሲነሳ ከተጻፈው በላይ ስለሚስብ የስታብላይዘሩ አቅም የማሽኑን ዋት እጥፍ ቢሆን ይመረጣል። መብራት ሲጠፋ የሚዞረው ላስቲክ በሯጩ እግር ሥር ይቆማል፤ ሯጩ ግን ገና አልቆመም። በፍጥነት የሚሮጥ ሰው ይህን አስቀድሞ ቢያስብበት ይጠቅመዋል። መብራቱ ተመልሶ እስኪረጋ ድረስም ሶኬቱን መንቀል ቦርዱን ያተርፋል።

ብዙ ትሬድሚሎች ግን የሚሞቱት በመብራት ሳይሆን በዘይት እጦት ነው። ላስቲኩና ከሥሩ ያለው ጣውላ በሲሊኮን ዘይት ካልለሰለሱ ይፋተጋሉ፤ ሞተሩ ይህን ለማሸነፍ ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል፤ በመጨረሻ የሚቃጠለው ቦርዱ ነው። የዘይቱ ዋጋ ከቦርዱ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። የሞተር ወይም የምግብ ዘይት ግን ላስቲኩን ያበላሻል።

ልብን በልክ ማሠራት

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ መሠረት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመከራል። ይህም በሳምንት አምስት ቀን የግማሽ ሰዓት ፈጠን ያለ እርምጃ ነው። መካከለኛ መሆኑ የሚታወቀው ሰውየው እየሠራ መነጋገር ሲችል፣ መዝፈን ግን ሲያቅተው ነው። ቁጥር የሚወድ ሰው ዕድሜውን ከ220 ይቀንስ፤ ለሃምሳ ዓመት ሰው 170 ይመጣል፤ ከ85 እስከ 119 ያለው የልብ ምት መካከለኛ ይባላል። የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን በዚህ ቁጥር አይመራ። አንዳንዶቹ መድኃኒቶች የልብን ምት ስለሚቀንሱት ማሽኑ ዝቅተኛ ቁጥር እያሳየ ሰውየው ከአቅሙ በላይ ሊሠራ ይችላል። ደረቱን የሚያመው፣ ግፊት ወይም ስኳር ያለበት ሰው ከሻጩ በፊት ሐኪሙን ያነጋግር። ስኳር በሚቀንስ መድኃኒት ላይ ያለ ጾመኛ ባዶ ሆድ ማሽን ላይ ከወጣ ስኳሩ በድንገት ሊወርድበት ይችላል።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2 ሺህ 300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ከዱባይ፣ ከዋሽንግተን ወይም ከድሬዳዋ የመጣ ሰው እዚያ የለመደውን ፍጥነት እዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ቢሞክር ትንፋሽ ያጥረዋል። ፍጥነቱን ቀንሶ መጀመር ነው።

ለመሮጥ ያልደፈረ ሰው ትሬድሚሉን ዳገት ማድረግ ይችላል። በሰዓት አምስት ኪሎ ሜትር እየተራመደ የማሽኑን ዳገት ወደ 8 በመቶ ያደረገ ሰው፣ ሰውነቱ የሚያወጣው ኃይል ሜዳ ላይ ከሚያወጣው ሁለት እጥፍ ይሆናል፤ ጉልበቱ ግን የሩጫን ያህል አይመታም። ይህ የሚሠራው መያዣውን ካልተንጠለጠሉበት ነው። ተንጠልጥሎ የሚሄድ ሰው ስክሪኑ የሚነግረውን ካሎሪ አያምን፤ ማሽኑ መንጠልጠሉን አያውቅም።

ሕፃናት ባሉበት ቤት ማሽኑ ሲያበቃ ቁልፉ መነቀል አለበት። በአሜሪካ ፔሎተን የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2021 ወደ 125 ሺህ የሚሆኑ ትሬድ ፕላስ ማሽኖቹን ከገበያ እንዲሰበሰቡ ያደረገው አንድ ሕፃን በማሽኑ ሥር ገብቶ ከሞተና ሌሎች በርካታ አደጋዎች ሪፖርት ከተደረጉ በኋላ ነው። ከማሽኑ ጀርባ ሁለት ሜትር ያህል ባዶ ቦታ መተው፣ ፊቱንም ወደ ግድግዳ ማድረግ ይመከራል፤ ወድቆ ወደ ኋላ የሚሄድ ሰው ግድግዳ ካገኘው ላስቲኩ ቆዳውን ይልጠዋል።

የፔሎተን ታሪክ ለነጋዴው ሌላም ትምህርት አለው። ኮሮና ስፖርት ቤቶችን ሲዘጋ የኩባንያው ብስክሌት ተሻማበት፤ እ.ኤ.አ. በጥር 2021 የአንድ አክሲዮኑ ዋጋ ከ160 ዶላር በላይ ወጣ። ሰው ከቤቱ ሲወጣ ገበያው ከዳው፤ በ2022 መጨረሻ አክሲዮኑ ከ10 ዶላር በታች ነበር። ሁሉም በአንድ ጊዜ የገዛውን ዕቃ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይሸጠዋል።

ያገለገለውን የሚገዛ

እዚህም ያገለገለ ማሽን ጥሩ ዕድል የሚሆነው ለዚህ ነው፤ ብዙው የቆመ እንጂ ያለቀ አይደለም። ፈታኙ ከባዱ የቤተሰቡ አባል ይሁን፤ ለሃያ ደቂቃ ይሂድበት። ላስቲኩ እግር ሲያርፍበት ቀጥ ካለ፣ የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ወይም የላስቲኩ ጠርዝ ከተተለተለ ዋጋው መውረድ አለበት። በድንገት ማቆሚያዋ ቁልፍም መኖሯ ይታይ፤ ያለሷ ብዙ ማሽን አይነሳም።

ከአገር ከሚወጡ የኤምባሲና የዓለም አቀፍ ድርጅት ሠራተኞች የሚገዛ ሰው አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለበት። ዕቃው ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ መብቱ ለሌለው ሰው ሲተላለፍ ቀረጡ ይከፈልበታል። ይህ ሳይጣራ «ርካሽ» ማለት አይቻልም፤ የሽያጭ ውሉም በጽሑፍ ይሁን። ጥሩ ትሬድሚል ደግሞ ከ80 እስከ 100 ኪሎና ከዚያም በላይ ሊመዝን ይችላል፤ አሳንሰር በሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ለማድረስ ጫኝና አውራጅ ያስፈልጋል። ዋጋ ሲቆረጥ የመጫኛውና የማውረጃው ሒሳብ በማን ላይ እንደሆነ አብሮ ይቆረጥ።