ልብ ከመቆሙ በፊት ያሉት ሰዓታት

ዋርድ ውስጥ የተኛ ሕመምተኛ ብዙውን ጊዜ በድንገት አይሞትም። ከሰዓታት በፊት ትንፋሹ ይፈጥናል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ይቃዣል። ፈጣን ምላሽ ሰጪ ቡድን በእነዚህ ሰዓታት አልጋው ድረስ የሚደርስ ነው። ሐሳቡ እ.ኤ.አ. በ1990 ሲድኒ፣ ሊቨርፑል ሆስፒታል ተጀመረ። በ2005 የታተመ፣ 23 የአውስትራሊያ ሆስፒታሎችን ያካተተ ጥናት ግን ቡድን ማቋቋም ብቻውን ሞትን በግልጽ እንደማይቀንስ አሳየ። ምልክቱ እየታየም ብዙ ጊዜ ቡድኑን የሚጠራው አልነበረም!

ዋናው ቁም ነገር በጊዜ መጥራት ነው፤ ስለዚህ እንደ ብቸናና ሞጣ ባሉ ሆስፒታሎች ስፔሻሊስት እስኪሟላ አንጠብቅ። ተረኛ ሐኪም፣ ነርስና የሰመመን ባለሙያ ይበቃሉ፤ ስማቸው በየተራው ሰሌዳ ላይ ይጻፍ፣ አምቡ ባጉና ኦክስጅኑ በየተራው ይፈተሽ። ቡድኑን የመጥሪያ መስፈርቱም ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፦ ለአዋቂ ትንፋሽ በደቂቃ 25ና ከዚያ በላይ ወይም 8ና ከዚያ በታች፣ የላይኛው ግፊት 90ና ከዚያ በታች፣ የኦክስጅን መጠን 91 በመቶና ከዚያ በታች። ትንፋሽ ሙሉ ደቂቃ ይቆጠር። በግምት «20» ተብሎ የሚሞላ ቻርት ሰው ያስገድላል።

አስታማሚዎችንም እንስማ። ከአማኑኤል ከተማ ወይም ከገጠር ቀበሌ የመጣች እናት ሌሊቱን ሙሉ ከልጇ አልጋ አትለይም፤ ለውጡን ከማናችንም በፊት የምታየው እሷ ናት። «ልጄ ልክ አይደለም» ካለች ያ ራሱ ጥሪ ነው። በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ ግዛት ቤተሰብ አስቸኳይ ምርመራ እንዲደረግ የመጠየቅ መብት አለው፤ እኛም መጥራት እንደሚችሉ ገና ሕመምተኛው በሚተኛበት ቀን እንንገራቸው።

ሪፈር ከሆነም መጀመሪያ ካስፈለገ ኦክስጅንና ግሉኮስ ይሰጥ፣ የሚፈስ ደም ይቁም፣ ለተቀባዩ ሆስፒታል ይደወል፤ ከዚያ አምቡላንሱ ይነሳ።