የቢምቢ ንክሻና የአንጎል ሕመም፤ ከ150 አንዱ

ሰሞኑን አመሻሽ ላይ በጦር ሰፈራችን የቤተሰብ መኖሪያ ስንዘዋወር፣ ልጃቸውን ሊጠይቁ ከገጠር የመጡ አንዲት አረጋዊት እናት ከቆሻሻ ውሃ መውረጃው ቦይ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ነፋስ ሲቀበሉ አገኘናቸው። ቢምቢው በእግራቸው ዙሪያ ይርመሰመሳል። «እማማ፣ ወደ ቤት ቢገቡ ይሻላል፤ ቢምቢው በዝቷል» ብንላቸው፣ «ልጆቼ፣ እኔ ወባን የለመድኩ ነኝ፤ ከእንግዲህ ምን አዲስ ነገር ያመጣብኛል?» ሲሉ ፈገግ ብለው መለሱልን። ለዛሬው የቤተሰብ አምዳችን መነሻ የሆነን ይኸው የእማማ ጥያቄ ነው።

ውድ አንባብያን፤ ቢምቢ የምታስተላልፈው ወባን ብቻ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1937 በምሥራቅ አፍሪካ፣ በዩጋንዳ ዌስት ናይል አውራጃ፣ ትኩሳት ከያዛት አንዲት ሴት ደም ውስጥ ከዚያ በፊት ያልታወቀ ቫይረስ ተገኘ፤ ስሙም በአውራጃው ስም ዌስት ናይል ተባለ። ቫይረሱ የሚራባው በወፎች ደም ውስጥ ነው። ኩሌክስ የተባለችው የቢምቢ ዓይነት ከወፍ ወደ ወፍ ስታዛምተው ትኖርና አልፎ አልፎ ሰውን ስትነክስ ለሰው ታቀብላለች። ይኸው ቫይረስ ዛሬ በአፍሪካ፣ በመካከለኛው ምሥራቅ፣ በአውሮፓና፣ ከ1999 ወዲህ፣ በአሜሪካ ጭምር የታወቀ ነው።

አደጋውን በወታደር ሒሳብ እናስላው። 150 ሰው ያለው አንድ ሻምበል ጦር በሙሉ በዚህ ቫይረስ ተያዘ እንበል። ከእነዚህ ውስጥ 120 ያህሉ ምንም ሕመም አይሰማቸውም። 30 ያህሉ ትኩሳት፣ ራስ ምታትና ቁርጥማት ይዟቸው ይድናሉ። አንዱን ግን ቫይረሱ አንጎሉን፣ የአንጎሉን ሽፋን ወይም ሕብለ ሰረሰሩን ያጠቃዋል። እንዲህ በጽኑ ከሚታመሙት ከ10 አንዱ ገደማ ይሞታል፤ ከሚተርፉትም ውስጥ የእጅና የእግር መዛል ወይም የማስታወስ ችግር ለረጅም ጊዜ የሚቀርባቸው አሉ።

ይሁን እንጂ ይህ ሒሳብ ለሁሉም እኩል አይደለም። በ1957 በእስራኤል በተነሣው ወረርሽኝ በሽታው የአረጋውያንን አንጎል በብርቱ እንደሚያጠቃ በግልጽ ታወቀ። ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት ባለፈ ሰዎች ላይ ጽኑው ሕመም ከ50 በአንዱ ገደማ ይደርሳል። የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የኩላሊትና የካንሰር ሕሙማንም ይበልጥ ይጠቃሉ። እንግዲህ ከጎልማሳው ወታደር ይልቅ አደጋው የሚያሰጋው በርጩማው ላይ የተቀመጡትን እናቱን ነው ማለት ነው።

ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ ከንክሻው በኋላ ከ2 እስከ 14 ባሉት ቀናት ውስጥ ይታያል። ትኩሳት ያለበት ሰው ብርቱ ራስ ምታት ከያዘው፣ ማጅራቱ ከደረቀ፣ ከቃዠ፣ ቤተሰቡን መለየት ካቃተው፣ ከተንዘፈዘፈ ወይም እጅና እግሩ በድንገት ከዛለ፣ «ወባ ነው፣ ይለቀዋል» ብሎ ክኒን ሰጥቶ ማስተኛት ከባድ ስሕተት ነው። ወባም ቢሆን አንጎልን ሊያጠቃ ስለሚችል፣ የትኛውም ይሁን የትኛው፣ ሌሊትም ቢሆን ሕመምተኛውን ወደ ሐኪም ማድረስ ይገባል። ለዌስት ናይል እስከ ዛሬ ለሰው የሚሰጥ ክትባትም ሆነ ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት የለም፤ ሐኪሞች የሚያደርጉት የሕመምተኛውን ትንፋሽና ፈሳሽ እየጠበቁ ሰውነቱ እስኪያገግም ማገዝ ነው። በሽታው በሳል ወይም አብሮ በመብላት ስለማይተላለፍ ግን ሕመምተኛን ማግለል አያስፈልግም።

እንግዲህ ዋናው መከላከያ ቢምቢዋን መዋጋት ነው። ኩሌክስ ከጠራ ውሃ ይልቅ የቆሸሸ ውሃን ትመርጣለች፤ ከተማም አይበግራትም። በ1996 በሩማንያ ዋና ከተማ በቡካሬስት 400 ያህል ሰዎች በጽኑ ሲታመሙ፣ ቢምቢዋ ትራባ ከነበረባቸው ሥፍራዎች አንዱ በአፓርታማ ሕንፃዎች ሥር ውሃ ያቆረው ምድር ቤት ነበር። የእኛም ምድር ቤት በየቤቱ ጓሮ ያለው ቦይ ነው።

ስለዚህ ቦዩ ይጠረግ፤ ውሃው ይፍሰስ። የሽንት ቤት ጉድጓድ ይከደን፤ በርሜልና አሮጌ ጎማ ውሃ አያቁር። ኩሌክስ የምትነክሰው ከምሽት እስከ ንጋት በመሆኑ፣ ዘብ የሚቆም ወታደር እጅጌውን ያውርድ፤ በየቤቱም አጎበር ይዘርጋ። አጎበሩ አንድ ብቻ ከሆነ ለሕፃናትና ለአረጋውያን ይቅደም።

እኛም በዚያ ምሽት የእማማን በርጩማ አንሥተን በራፋቸው ላይ አኖርንላቸው። «አዲስ ነገር አለው ማለት ነው?» አሉን። «አለው እማማ» አልናቸው። ቦዩን ግን በርጩማ እንደ ማንሣት በአንድ ሰው ክንድ ማጽዳት አይቻልም፤ በመጪው ቅዳሜ ማለዳ አካፋና ዶማ ይዘን እንገናኝ።