«የት ነው ያስቀመጥከው?»

የዛሬውን ጨዋታ ከማእድ ቤት ልጀምር። በእኔ ማእድ ቤት መደርደሪያ ላይ ያለውን ዕቃ ሁሉ ዓይኔን ጨፍኜ አነሳዋለሁ። ሽሮው የት፣ በርበሬው የት፣ ኮረሪማው በየትኛው ጠርሙስ እንዳለ አውቃለሁ። አንድ ቀን ባለቤቴ «ዛሬ ሻይ እኔ ላፍላ» ብሎ ገባና ስኳሩን እስኪያገኝ ድረስ ስድስት ጣሳ ከፈተ። ሁሉም ባዶ የወተት ዱቄት ጣሳዎች ስለሆኑ መልካቸው አንድ ነው፤ በላያቸውም የተጻፈ ነገር የለም። ምን የት እንዳለ የሚያውቀው የእኔ ጭንቅላት ብቻ ነው። ያን ቀን በጣም ስቄበት ነበር። ብዙም ሳይቆይ ግን ተራው የእኔ ሆነ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ነሐሴ ማለቂያ ላይ የልጃችን ትምህርት ቤት የልደት ምስክር ወረቀቷን ቅጂ እስከ ነገ ድረስ አምጡ አለን። ዋናውን ወረቀት ባለቤቴ የት እንደቆለፈበት አላውቅም። እርሱ ደግሞ ኔትወርክ በሌለበት የገጠር አገልግሎት ላይ ነበር። ቅጂው በኮምፒውተራችን ውስጥ እንዳለ ግን እርግጠኛ ነበርኩ። ከፈትኩት። ስክሪኑ ከዳር እስከ ዳር በትናንሽ ምስሎች ተሸፍኗል፤ «ኒው ፎልደር»፣ «ኒው ፎልደር 2»፣ «ኒው ፎልደር 3»፣ «ስካን 0007»፣ «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻው መጨረሻ»። እስከ እኩለ ሌሊት አንድ በአንድ ስከፍት አመሸሁ፤ አላገኘሁትም። በማግስቱ ባዶ እጄን ሄድኩ። ምዝገባው ስለዘገየ ልጃችን አብረዋት ካደጉት ጓደኞቿ ተለይታ ሌላ ክፍል ተመደበች፤ ስታለቅስ ማየት ከባድ ነበር።

ባለቤቴ ሲመለስ በሰላምታ አልተቀበልኩትም። «የት ነው ያስቀመጥከው?» አልኩት ገና በሩ ላይ። እርሱም ምንም ሳይመልስ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ፣ በመፈለጊያው ሳጥን ውስጥ «ስካን» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ጻፈና የወጡትን ፋይሎች በቀናቸው ቅደም ተከተል ደረደራቸው። ወረቀቱን ስካን ያስደረግነው በሰኔ ወር ስለነበረ የዚያን ወር ብቻ ሲያይ ወዲያው አገኘው። «ኒው ፎልደር 3» ውስጥ ነበር። ያንን ፎልደር የፈጠረው ማን ነው? እኔው ነኝ። ከፎቶ ኮፒ ቤት በፍላሽ ይዤ መጥቼ፣ «በኋላ አስተካክለዋለሁ» ብዬ የገለበጥኩት እኔው ነኝ!

ውድ ባለትዳሮች፣ በብዙ ቤት ኮምፒውተሩን «የሚያውቀው» አንድ ሰው ብቻ ነው። እርሱ የታመመ ዕለት ወይም መንገድ የሄደ ዕለት ሌላው በገዛ ቤቱ እንግዳ ይሆናል። የተማርኩት መጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ እንጂ የኮምፒውተር ትምህርት ቤት አይደለም። ስለዚህ የምነግራችሁ በቤታችን ሠርቶ ያየሁትን ቀላል ነገር ነው።

ፋይልና ፎልደር

ፋይል ማለት አንድ ወረቀት ነው እንበል፤ አንድ ደብዳቤ፣ አንድ ፎቶግራፍ ወይም አንድ መዝሙር። ፎልደር ደግሞ ወረቀቶቹን የሚይዝ ማህደር ነው። በትልቅ ማህደር ውስጥ ትናንሽ ማህደሮች ሊኖሩ እንደሚችሉ ሁሉ በፎልደር ውስጥም ሌላ ፎልደር ይገባል። እያንዳንዱ ፋይል ስምና ቦታ አለው። ሁለቱንም ካላወቃችሁ ፋይሉ ቢኖርም እንደሌለ ነው።

በቁልፍ ሰሌዳው ላይ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይዛችሁ «ኢ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ፊደል ስትጫኑ የፋይሎች መስኮት ይከፈታል። በስተግራ በኩል «ዴስክቶፕ»፣ «ዳውንሎድስ»፣ «ዶክመንትስ»፣ «ፒክቸርስ» የሚሉ ስሞች ታያላችሁ። በቆየው ዊንዶውስ ኤክስፒ ላይ «ማይ ዶክመንትስ» ይባል የነበረው ዛሬ «ዶክመንትስ» የሚባለው ነው።

ዴስክቶፕ እንደ ጠረጴዛ ገጽ ነው። ዛሬ የምትሠሩበት ወረቀት ይቀመጥበታል እንጂ የዓመት ወረቀት አይከመርበትም። ዳውንሎድስ እንደ ቤት ደጃፍ ነው። ከኢንተርኔት የሚወርደው ሁሉ በዚያ ይገባል፤ ነገር ግን ደጃፍ ላይ የሚኖር ቤተሰብ የለም። መኖሪያው ዶክመንትስ ነው።

አምስት ማህደሮች ይበቃሉ

በዶክመንትስ ውስጥ ባዶ ቦታ ላይ የማውሱን ቀኝ ቁልፍ ተጫኑ፤ «ኒው» ቀጥሎም «ፎልደር» በሉ። በፊደል ቁልፎቹ መሥራት ለሚቀለው ደግሞ «ኮንትሮል» እና «ሺፍት» ይዞ «ኤን» መጫን ያው ነው። ስሙን «ቤተሰብ» በሉት። በውስጡ አምስት ፎልደሮች ፍጠሩ፤

1 ሰነዶች (የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ ፓስፖርት፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የቤት ካርታ ወይም የኪራይ ውል)
2 ልጆች
3 ፎቶግራፎች
4 ወጪና ገቢ
5 ሥራ

ቁጥሩን ከፊት የምናስቀድመው ኮምፒውተሩ ስሞችን በቁጥርና በፊደል ተራ ስለሚደረድር ነው። ቁጥር ከሰጣችኋቸው እናንተ በፈለጋችሁት ተራ ይቆማሉ። «ልዩ ልዩ» የሚባል ፎልደር ግን አትፍጠሩ። ሁሉም ነገር እዚያ ይገባና ቤቱ ተመልሶ ይዝረከረካል።

አንድ ማሳሰቢያ ለአገልጋይ ቤተሰቦች። ሰዎች አምነው ያካፈሉን የግል ጉዳይ ሁሉም በሚከፍተው ፎልደር ውስጥ መቀመጥ የለበትም። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ አገልጋዩ በራሱ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ያኑረው። የቤተሰቡ ሰነድ የሁለታችሁ ነው፤ የሌላ ሰው ምስጢር ግን የቤተሰቡ አይደለም።

ስም ስጡት

«ስካን 0007» ምንም አይናገርም። ፋይሉን አንድ ጊዜ ነክታችሁ «ኤፍ 2» የሚለውን ቁልፍ ስትጫኑ ስሙን መለወጥ ትችላላችሁ። ጥሩ ስም ሦስት ነገር ይነግረናል፤ መቼ፣ ምን፣ የማን። ለምሳሌ «2009-05-13 የእህቴ ሠርግ»። ዓመት ቀድሞ፣ ወር ተከትሎ፣ ቀን መጨረሻ ሲመጣ ፋይሎቹ ራሳቸው በዘመን ቅደም ተከተል ይሰለፋሉ። ወርና ቀኑን ሁልጊዜ በሁለት አሃዝ ጻፉ፤ ጥር 05 ነው። ጳጉሜንን 13 ብትሉት ከነሐሴ በኋላ ቦታውን ይይዛል።

እዚህ ላይ የእኛ ቤቶች ልዩ ፈተና አለ። ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው በአውሮፓውያን ዘመን ነው፤ እኛ ደግሞ በአብዛኛው በኢትዮጵያ ዘመን እንናገራለን። ልዩነቱ እንደ ወሩ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ነው። ያው ሠርግ በአውሮፓውያን «2017-01-21» ይሆናል። ባል በአንዱ፣ ሚስት በሌላው ቢጽፉ አንድ ሠርግ በሁለት ዓመት ይገኛል! ስለዚህ ሁለታችሁ ተነጋግራችሁ አንዱን ምረጡና በእርሱ ጽኑ።

ቀን ስትጽፉ እዝባር አትጠቀሙ። ዊንዶውስ እዝባርን፣ የጥያቄ ምልክትንና ኮከብን በፋይል ስም ውስጥ አይቀበልም፤ አጭር ሰረዝ ይበቃል። ከስሙ በኋላ ነጥብና አንዳንድ የእንግሊዝኛ ፊደላት የሚታዩ ከሆነም አትንኳቸው። ኮምፒውተሩ ፋይሉን በምን እንደሚከፍት የሚያውቀው በእነርሱ ነው።

ስሙን በአማርኛ መጻፍ ይቻላል። የእኛ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሥርዓት ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት የአማርኛ ፎንቶች የተጻፈ ጽሑፍ ግን ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል። የቆዩ ጽሑፎች ካሏችሁ ፎንቱ ሳይጠፋ ወደ ዩኒኮድ አስቀይሯቸው፤ ወይም ቢያንስ በወረቀት አትሟቸው።

ማንቀሳቀስና መሰረዝ

ፋይሉን መርጣችሁ «ኮንትሮል» እና «ሲ» ስትጫኑ ይቀዳል፤ «ኮንትሮል» እና «ኤክስ» ደግሞ ካለበት ያነሳዋል። ወደምትፈልጉት ፎልደር ገብታችሁ «ኮንትሮል» እና «ቪ» ስትጫኑ ያርፋል። ከተሳሳታችሁ አትደንግጡ፤ ወዲያው «ኮንትሮል» እና «ዜድ» ብትጫኑ የመጨረሻውን ድርጊት ይመልስላችኋል።

በማውስ ጎትታችሁ ስትወስዱ ግን ልብ በሉ። በዚያው ዲስክ ውስጥ ከፎልደር ወደ ፎልደር የተጎተተ ፋይል ቦታውን ይለቃል። ወደ ፍላሽ የተጎተተ ግን ቅጂው ይሄዳል፤ ዋናው እዚያው ይቀራል። ብዙ ጀማሪዎች አንድ ጊዜ «ጠፋ»፣ አንድ ጊዜ «ሁለት ሆነ» የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ከኮምፒውተሩ ላይ የሰረዛችሁት ፋይል በአብዛኛው «ሪሳይክል ቢን» ውስጥ ይቆያል፤ ከዚያ መመለስ ይቻላል። ከፍላሽ ላይ የተሰረዘ ግን ወደዚያ አይሄድም። «ሺፍት» ይዛችሁ የሰረዛችሁትም እንዲሁ። ስለዚህ በፍላሽ ላይ «ዲሊት» ከመጫናችሁ በፊት ሁለቴ እዩ።

መብራትና ፍላሽ

የጠረጴዛ ኮምፒውተር ባትሪ የለውም። መብራት ሲጠፋ ያልተቀመጠ ጽሑፍ አብሮ ሊሄድ ይችላል። መጻፍ እንደጀመራችሁ «ኮንትሮል» እና «ኤስ» ተጫኑ፤ ስሙንና ቦታውን ያኔውኑ ስጡት። ከዚያም አንድ አንቀጽ በጨረሳችሁ ቁጥር ድገሙት።

ፍላሽ ከቤት ቤት ሲዞር ቫይረስ ይዞ ይመጣል። በፍላሹ ላይ ያሉት ፎልደሮች በድንገት በምስላቸው ጥግ ትንሽ ቀስት ካወጡ አትክፈቷቸው። ቫይረሱ ዋናዎቹን ደብቆ አቋራጭ የሚባለውን በቦታቸው ተክቶ ሊሆን ይችላል። ፋይሎቹ ብዙ ጊዜ ተደብቀው እንጂ ጠፍተው አይደለምና ፍላሹን ፎርማት ለማድረግ አትቸኩሉ። በአንቲቫይረስ አስፈትሹት፣ የሚያውቅ ሰውም ያውጣላችሁ።

የሚከተለውን የምጽፈው ልቤ እያዘነ ነው። የአባቴ የመጨረሻ ፎቶግራፎች በአንድ ፍላሽ ላይ ነበሩ። ስም ነበራቸው፣ ቀን ነበራቸው፣ ሥርዓት ነበራቸው። አንድ ቀን ፍላሹ አልከፈትም አለ፤ እስከ ዛሬም አልተከፈተም። ሥርዓት ያለው ነገር ቅጂ ከሌለው ሊጠፋ እንደሚችል የተማርኩት ያኔ ነው።

ባለሙያዎች የሚመክሩት እንዲህ ነው። ለማይተካ ነገር ሦስት ቅጂ ይኑራችሁ፤ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ ይሁን፤ አንዱ ከቤታችሁ ውጭ ይቀመጥ። አንዱ በኮምፒውተሩ፣ አንዱ በውጫዊ ሃርድ ዲስክ፣ አንዱ ደግሞ በታመነ ዘመድ ቤት ወይም በኢንተርኔት ማከማቻ ሊሆን ይችላል። ፎቶግራፍ በቴሌግራም የምታስቀምጡ ከሆነ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ እንደ ፎቶ ሲላክ ጥራቱ ይቀንሳል።

ዛሬ ማታ

ልጆቹ ሲተኙ ሁለታችሁ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡ። ሁሉን በአንድ ማታ ልጨርስ አትበሉ። አምስቱን ፎልደሮች ፍጠሩ፣ «ሰነዶች» የሚለውን ብቻ ሙሉ፣ ቅጂውን በሌላ ዕቃ ላይ አኑሩ፣ ከዚያ ተኙ። ፎቶግራፎቹን በሚቀጥሉት ሳምንታት ጥቂት በጥቂት ታደርሱባቸዋላችሁ።

በመጨረሻም ፈተናውን ስጡ። ኮምፒውተሩን በብዛት የሚጠቀመው ከወንበሩ ይነሳ፤ ሌላው ይቀመጥና የልጃችሁን የልደት ምስክር ወረቀት ያውጣ። የተነሳው አፉን ይያዝ፣ ጣቱንም አይቀስር! በሁለት ደቂቃ ውስጥ ካልተገኘ ጥፋቱ የፈላጊው አይደለም፤ የስሙና የቦታው ነው። ስሙን አስተካክሉና እንደገና ሞክሩ።

እኛ ቤት ይህን ፈተና ሦስት ጊዜ ወድቄ በአራተኛው አለፍኩ። በማግስቱም እኔ ፕላስተርና እስክሪብቶ ይዤ ማእድ ቤት ገባሁ፤ በጣሳዎቹ ሁሉ ላይ ስማቸውን ጻፍኩባቸው። ለእርሱ የምፈልገውን ለእኔም፣ ከእርሱ የምጠይቀውን ከእኔም ልጀምር ብዬ ነው። አሁን ሻይ የሚያፈላው እርሱ ነው፤ ስኳሩ የት እንዳለም አይጠይቀኝም።

ሰላም ለቤታችሁ ይሁን።