የወረርሽኙ ዘመንና የጥርስ ሕክምና ተማሪ እጅ

የጥርስ ሕክምና በጆሮ ብቻ የሚማሩት ሙያ አይደለም፤ እጅም መማር አለበት። በ2020 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) የኮሮና ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ ትምህርቱ በኢንተርኔት ቢቀጥልም እጅ ሥራ ፈታ። ምክንያቱም ከጥርስ መሰርሰሪያው የሚረጨው ውሃ ከምራቅ ጋር ተቀላቅሎ እንደ ጉም ስለሚበተን፥ በሽታውን ያስተላልፋል ተብሎ ተፈራ። ስለዚህ ጥርስ ሰርስሮ መሙላት ከመንቀል ይልቅ ተገደበ።

በሰው ራስ አምሳል የተሠራ መለማመጃ አለ፤ ነገር ግን አምሳሉ ምላሱን አያንቀሳቅስም፥ «አመመኝ» አይልም። በስኮትላንድ በ2021 ሊመረቁ የነበሩት ተማሪዎች ምርቃታቸው በአንድ ዓመት የተላለፈው፥ በበሽተኛ ላይ የሚደረገው ልምምድ ስላልተሟላ ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያለው ተማሪ «እጄን አላምነውም» ቢል ነውር የለበትም፤ የጎደለውን ዐውቋል። ለበሽተኛውም ሳይችል ከሚደፍር ይልቅ እርሱ ይሻላል። መድኃኒቱም በመምህር ፊት ደጋግሞ መሥራት ነው።