ከሰንሰለቱ በፊት ሳጥኑ

በሐዋሳ ባህል አዳራሽ ክፍለ ከተማ፣ እንደ ብዙዎቹ የአገራችን ከተሞች፣ ቡችላ ወደ ግቢ የሚገባው በአብዛኛው ለጥበቃ ተብሎ ነው። ገና በሁለት ወሩ ከእናቱና ከወንድሞቹ ተለይቶ ይመጣል፤ በር ዳር በገመድ ወይም በሰንሰለት ይታሰራል፤ የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ሲያላዝን ያነጋል። አከራይና ተከራይ ግድግዳ ለግድግዳ ተጠጋግተው በሚኖሩበት ግቢ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጠዋት የጎረቤት ፊት ይጠቁራል፤ ቡችላው ይገሠጻል፣ አንዳንዴም ይመታል። ከሰንሰለቱ በፊት ሊሞከር የሚገባው መላ ሳጥን ነው።

ሳጥኑ የቡችላው መኝታ ነው። በውጭ አገር ተጣጣፊ የሽቦ ኬጅ ሆኖ ይሸጣል፤ እዚህ ግን የሰፈር ብየዳ ቤት ከቀጭን ብረትና ከሽቦ፣ አናጢም ከጣውላ ሊሠራው ይችላል። ቀዳዳው የቡችላውን ጭንቅላት የማያሳልፍ፣ ጫፉ የማይቧጭር ይሁን። ልኩ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በደግነት ነው። ውሻው ሳያጎነብስ የሚቆምበት፣ የሚዞርበትና ተዘርግቶ የሚተኛበት ስፋት ይበቃል። ከዚያ ከሰፋ አንዱን ጥግ መኝታ፣ ሌላውን መጸዳጃ ያደርገዋል። ጀርመን ሼፐርድን የመሰለ ትልቅ ዝርያ ያመጣ ሰው ለአዋቂ ውሻ የሚሆን ሳጥን አሠርቶ መሃሉን በጣውላ ይከፍለዋል፤ ቡችላው ባደገ ቁጥር ጣውላውን ወደ ኋላ ያሸሻል።

የሳጥኑ መላ ለምን እንደሚሠራ ለመረዳት ከሐዋሳ በሻሸመኔና በዶዶላ አድርጎ ወደ ባሌ ተራሮች መሄድ ይጠቅማል። እዚያ የውሻ ዘመድ የሆነው ቀይ ቀበሮ ብዙውን ጊዜ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ጎሬ ውስጥ ይወልዳል። ግልገሎቹ ሦስት ሳምንት ገደማ ሲሆናቸው ብቅ ማለት ይጀምራሉ። አዋቂዎቹ ግን 4,000 ሜትር ከፍታ ባለው የሳነቴ አምባ ብርድ እንኳ ሜዳ ላይ ተጠቅልለው ነው የሚያድሩት፤ ጎሬ የሚያስፈልጋቸው ለልጅ ማሳደጊያ ብቻ ነው። ስለዚህ «ውሻ በተፈጥሮው ጎሬ ይወዳል፤ ሳጥን ውስጥ ቢዘጋ ደስ ይለዋል» የሚሉ አሠልጣኞች ግማሹን እውነት ነው የሚናገሩት። በተፈጥሮ ያለው ነገር ቡችላ የሚተኛበትን ቦታ ማቆሸሽ አለመፈለጉ ነው። ሳጥኑን መውደድ ግን በሰው ትዕግሥት የሚመጣ ልማድ ነው።

ልማዱ የሚጀምረው በሩን ክፍት በመተው ነው። ውስጡ አሮጌ ብርድ ልብስ ይነጠፋል፤ የቡችላው ምግብ መጀመሪያ ደፉ ላይ፣ ቀጥሎ እየራቀ ወደ ውስጥ ይቀመጣል። ሐዋሳ የሐይቅ ከተማ ናትና እሾሁ በጥንቃቄ የወጣለት የተቀቀለ ዓሣ ቁራጭ ጥሩ ማባበያ ይሆናል። ቡችላው በራሱ መግባት ሲለምድ በሩ እየበላ ሳለ ለጥቂት ሰከንድ ይዘጋል፤ ከዚያ ለደቂቃ፣ ከዚያ ለአምስት ደቂቃ። ገፍቶ ማስገባት የሳምንቱን ልፋት በአንድ ጊዜ ያበላሻል። ለቅጣት መዝጋት ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው፤ አልጋውን እስር ቤት ያደርግበታል።

ቡችላው ከእንቅልፍ ሲነቃ፣ ከበላ በኋላ፣ ከተጫወተ በኋላ ወዲያው ወደ አንድ የተወሰነ የግቢው ጥግ ይወሰዳል፤ እዚያ ሲጸዳዳ በዚያው ቅጽበት ይወደሳል። ሽንቱን ስንት ሰዓት መያዝ እንደሚችል ለመገመት የተለመደው ስሌት በወር በተቆጠረው ዕድሜው ላይ አንድ መጨመር ነው፦ የሁለት ወር ቡችላ ቢበዛ ሦስት ሰዓት ይታገሣል፣ ቀን ቀን ደግሞ ከዚያም ያነሰ። ቢያመልጠው አፍንጫውን ቆሻሻው ላይ ማሸት ፍርሃት እንጂ ሌላ ነገር አያስተምረውም፤ ሽታው እስኪጠፋ ቦታውን ማጠብ ይበቃል።

ሌሊቱስ? ብዙ ቤተሰብ ውሻ ከቤት እንዲገባ አይፈልግም፤ ሳጥኑ በረንዳ ላይ፣ ከብርድና ከዝናብ ተከልሎ፣ ከባለቤቱ መኝታ መስኮት ሥር ቢሆን ቡችላው የሰው ድምፅ እየሰማ ያድራል። ሌሊት ሲያላዝን ያለ ጨዋታ አውጥቶ ማሸናትና መልሶ ማስተኛት ነው።

ሳጥኑ ልክ አለው፤ ይህን መሸፋፈን ቡችላውን መበደል ነው። በስዊድንና በፊንላንድ እንደ ጉዞ ካሉ ውስን ምክንያቶች በስተቀር ውሻን በተዘጋ ሳጥን ማቆየት በሕግ ተከልክሏል። የሐዋሳ የቀትር ፀሐይ የብረት ሳጥንን በጥቂት ጊዜ ያግለዋል፤ ውሻ ራሱን የሚያቀዘቅዘው በዋናነት በማለክለክ ነውና ጥላ፣ ነፋስና ውኃ የግድ ናቸው። የአንገት ማሰሪያው ሽቦ ላይ ተጠልፎ እንዳያንቀው ሲገባ ይወለቃል። ለግቢው ልጆችም ሳጥኑ ውስጥ ያለ ቡችላ እንደማይነካ ይነገራቸው።

ከሁሉ የሚከፋው ቡችላውን ቀኑን ሙሉ ዘግቶ መዋል ነው። ጆን ፖል ስኮት እና ጆን ፉለር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1965 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳሳዩት፣ ውሻ ሰውንና አካባቢውን ሳይፈራ የሚለምደው በተለይ ከሦስተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ይህን ጊዜ በሰንሰለትም ሆነ በሳጥን ያሳለፈ ቡችላ አድጎ የሚጮኸውና የሚናከሰው ከፍርሃት የተነሣ ሊሆን ይችላል። ጥሩ ዘበኛ የሚወጣው እንግዳ፣ ሕፃን፣ ባጃጅና ዣንጥላ አይቶ ካደገ ውሻ ነው።

ሦስት ወር ገደማ ሲሞላው የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይደርሳል። በሽታው በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው እንደሚገድል ይገመታል፤ በአብዛኛው የሚተላለፈውም በውሻ ንክሻ ነው። የባሌ ቀይ ቀበሮዎችንም ከቤት ውሾች የተዛመተ ይኸው በሽታ ደጋግሞ ጨርሷቸዋል። ሳጥኑን የለመደ ቡችላ እዚያው ሆኖ በባጃጅ ወደ እንስሳት ሐኪም ይሄዳል፤ መንገድ ላይ ዘሎ አያመልጥም፣ ሌሎች ውሾችም አይደርሱበትም። ጥርሱን ቀይሮ ዕቃ ማኘኩን ሲተውና ሌሊቱን ሳይሸና ማደር ሲችል በሩን መዝጋት ይቀራል፤ ሳጥኑ ግን ክፍት ሆኖ እዚያው ይቆይለት።